ከሐኪሙ ጠርሙስ እስከ ሕዝብ መናፈሻ፦ የዕፀዋት መስታወት ቤት ታሪክ ለሕክምና ባለሙያ ምን ይነግረዋል?

በቀዝቃዛው የዓለም ክፍል የሚገኙ ታላላቅ ከተሞችን የጎበኘ ሰው፣ በሕዝብ መናፈሻዎቻቸው ውስጥ ግድግዳውም ጣሪያውም መስታወት የሆነ ሰፊ ቤት ማየቱ አይቀርም። በሩን ከፍቶ ሲገባ ሙቀትና እርጥበት የሞላው አየር ይቀበለዋል፤ መነጽር ያደረገ እንደሆነም መነጽሩ ወዲያው በጉም ይሸፈናል። ውጭው በረዶ ለብሶ ሳለ በውስጥ ዘንባባው፣ ሙዙ፣ ቡናውና ካካዎው ለምልመው ይታያሉ። ሕፃናት ይሯሯጣሉ፤ አረጋውያን በአግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ይላሉ።

ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ቤት የተሠራው ዕፀዋቱን ከብርድ ለመከላከል ነው ብሎ ያስባል። አባባሉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የእውነቱ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ጢስ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመስታወት ቤት ከባለጸጎች ግቢ ወጥቶ ወደ ሕዝብ መናፈሻ እንዲደርስ መንገድ ከጠረጉት ሰዎች አንዱ በድሆች ሠፈር የሚሠሩ ሐኪም ነበሩ። ጥያቄያቸውም «የከተማው አየር ዕፀዋትን የሚገድል ከሆነ በሰው ላይስ ምን ያደርግ ይሆን?» የሚል ነበር። ይህ ጽሑፍ የዚያን ጥያቄ ጉዞ ይከተላል። ለየት ባለ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዌልክሎዝ አደባባይ ሐኪም

ናትናኤል ባግሾው ዋርድ በ1791 ለንደን ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ስለነበሩ እርሳቸውም የአባታቸውን ሙያ ወርሰው፣ ከቴምዝ ወንዝ ወደቦች አጠገብ በሚገኘው በዌልክሎዝ አደባባይ ሕሙማንን ያክሙ ነበር። በ13 ዓመታቸው በመርከብ ወደ ጃማይካ ተጉዘው ያዩት ልምላሜ ከልባቸው ስላልጠፋ፣ በግቢያቸው ድንጋይ ከምረው በላዩም ውኃ እያንጠባጠቡ ፈርንና የድንጋይ ሽበት ለማብቀል ደጋግመው ሞከሩ። ዕፀዋቱ ግን አንድ በአንድ ጠወለጉ። ምክንያቱ ለሐኪሙ ስውር አልነበረም፤ በዙሪያቸው ካሉት ፋብሪካዎች የሚወጣው የድንጋይ ከሰል ጢስ ነበር።

በ1829 ዋርድ ለሌላ ጥናት ሲሉ፣ ወደ እሳት ራትነት ለመለወጥ የተቃረበች ትል እርጥብ አፈር ባለበት ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ቀብረው በክዳን ዘጉት። በየዕለቱ ሲመለከቱ፣ ቀን ከአፈሩ የሚነሣው እርጥበት በመስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ እየተሰበሰበ ተመልሶ ወደ አፈሩ ይወርድ ነበር። ትሏ ከመለወጧ አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ከአፈሩ ሁለት ቡቃያዎች ብቅ አሉ፤ አንዱ ፈርን፣ ሌላው ሣር ነበር። በብዙ ድካም በግቢያቸው ሊያበቅሉት ያልቻሉት ዕፅ ያለ ማንም እንክብካቤ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ በቀለ። ዋርድ ጠርሙሱን በመስኮታቸው ላይ አኖሩት፤ ክዳኑ ዝጎ የዝናብ ውኃ እስኪያስገባ ድረስም ሁለቱ ዕፀዋት አራት ዓመት ያህል ኖሩ።

ምሥጢሩ ዛሬ ለማንኛውም የሥነ ሕይወት ተማሪ ግልጽ ነው። ብርሃን በመስታወቱ ያልፋል፤ ከቅጠሉና ከአፈሩ የሚተነው ውኃ ሳይባክን ይመለሳል፤ ዕፁ ቀን በብርሃን ኃይል ምግቡን ሲሠራ የሚያወጣው ኦክስጅንና በአተነፋፈስ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመዛዝነው ይኖራሉ። ጥላሸቱና የድኝ ጋዙ ግን ውጭ ይቀራል። ጠርሙሱ ለዕፁ የሰጠው አዲስ ነገር የለም፤ የከተማውን ጉዳት ብቻ ከለከለለት።

በጠርሙሱ ውስጥ የበቀለው ፈርን ራሱ የመድኃኒት ታሪክ አለው። በአውሮፓ «ወንዴ ፈርን» በመባል የሚታወቀው ይህ ዕፅ፣ ግንደ ሥሩ የኮሶ ትልን ለማስወጣት ለብዙ ዘመን ያገለገለ ነው። በአገራችን ለዚሁ ሕመም ሲወሰድ የኖረው የኮሶ ዛፍ አበባ ነው፤ የመድኃኒቱና የትሉ ስም በቋንቋችን አንድ እስከ መሆን የደረሰውም በዚሁ የተነሣ ነው። ኮሶ በዚያው በ19ኛው ምዕተ ዓመት፣ በቁስጥንጥንያ ይሠሩ በነበሩት በፈረንሳዊው ሐኪም በብራየር አማካይነት በአውሮፓ ታውቆ በመድኃኒት መዘርዝሮች ውስጥ ሰፍሯል። ሁለቱም ዕፀዋት መጠናቸው ሲያልፍ የሚመርዙ በመሆናቸው ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ከተገኙ በኋላ ስፍራቸውን ለቅቀዋል። የለንደኑ ሐኪም ጠርሙስና የኢትዮጵያ ቤተሰብ ዋንጫ ለአንድ በሽታ የተዘጋጁ ሁለት ዕፀዋትን ይዘው እንደነበር ማስታወስ ግን የሙያችንን ታሪክ ስፋት ያሳያል።

ከጠርሙሱ ወደ ሳጥኑ

ዋርድ ያዩትን በጠርሙስ ብቻ አልተዉትም። የሃክኒው የዕፀዋት ነጋዴ ጆርጅ ሎዲጅስ እየረዷቸው በእንጨትና በመስታወት የተሠሩ ዝግ ሳጥኖች አዘጋጁ። በ1833 በፈርን፣ በድንጋይ ሽበትና በሣር የተሞሉ ሁለት ሳጥኖች በመርከብ ወደ ሲድኒ ተላኩ፤ ከወራት የባሕር ጉዞ በኋላም በደህና ደረሱ። ሳጥኖቹ በአውስትራሊያ ዕፀዋት ተሞልተው ሲመለሱ ውርጩንም ሐሩሩንም አልፈው ለምልመው ለንደን ገቡ። ሎዲጅስ ቀድሞ ከሚያስመጧቸው 20 ዕፀዋት 19ኙ በጉዞ ላይ ይሞቱ እንደነበር፣ በሳጥኑ ከተጠቀሙ ወዲህ ግን ከ20ው 19ኙ በሕይወት እንደሚደርሱ መስክረዋል። በ1838 ታላቁ ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ ስለዚሁ ሳጥን በለንደን ሮያል ኢንስቲቲዩሽን ትምህርት ሰጡ። ዋርድም በ1842 ግኝታቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ።

ለሕክምና ታሪክ ትልቅ ትርጉም ያለው ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ያልተነገረለት ክፍል ነው። ዋርድ ስለ መርከብና ስለ ንግድ ብቻ አልጻፉም። ሳጥኑ የከተማ ድሆችን ኑሮ ለማሻሻል እንዴት ሊረዳ እንደሚችል የሚያትት ምዕራፍ ጨምረዋል፤ ንጹሕ አየርና ብርሃን ለእንስሳትና ለሰው ጤና ስላላቸው ጥቅምም አስበዋል። ሐኪሙ በጠርሙሱ ውስጥ ያዩት ፈርን ብቻ አልነበረም፤ ከመስኮቱ በስተውጭ የሚያስሉትን ሕሙማናቸውንም ያዩ ነበር።

በብርሃን ላይ የተጣለ ቀረጥ

ይህ ሐሳብ እንዳይስፋፋ አንድ መሰናክል ነበረበት፤ መስታወት ውድ ነበር። በብሪታኒያ ከ18ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በመስታወት ላይ ቀረጥ ይከፈል ነበር፤ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ከ1696 ጀምሮ፣ እያንዳንዱ ቤት በመስኮቶቹ ቁጥር ይገበር ነበር። ብዙዎች ግብሩን ለማምለጥ መስኮታቸውን በጡብ ዘጉ፤ በጨለማው ክፍል ውስጥም የድሆች ልጆች አደጉ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ1845 የመስታወቱን ቀረጥ በጤና ላይ የተፈጸመ በደል አድርጎ አጥብቆ ተቃወመ። ቀረጡ በዚያው ዓመት፣ የመስኮቱ ግብር ደግሞ በ1851 ተነሣ።

በዚያን ዘመን የብርሃንን ጥቅም ሐኪሞች በልምድ እንጂ በሥነ ሕይወት ማስረጃ አያውቁትም ነበር። የፀሐይ ጨረር ሪኬትስን እንደሚፈውስ የተረጋገጠው በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ነው። ዛሬ ደግሞ ተራ የመስኮት መስታወት በቆዳ ውስጥ ቫይታሚን ዲ የሚያስገኘውን ጨረር እንደሚያግድ እናውቃለን። ስለዚህ መስታወት ለዕፀዋት የሚበቃውን ብርሃን ያስገባል፤ ለሕፃን አጥንት የሚያስፈልገውን ግን ያስቀራል። በመስታወት ጥላ ሥር ያለ ሁሉ እኩል አይጠቀምም።

ቀረጡ ሲነሣ ታላላቅ የመስታወት ሕንፃዎች ተከታትለው ተሠሩ። በኪው የዕፀዋት ማዕከል ከ1844 እስከ 1848 የተገነባው የዘንባባ ቤት 110 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው 16 ሺህ ያህል መስታወቶች ተገጥመውለታል። ንድፉን ያወጡት ዴሲመስ በርተን፣ ብረቱን የሠሩት ሪቻርድ ተርነር ነበሩ። በ1851 ደግሞ አትክልተኛው ጆሴፍ ፓክስተን የነደፉት የመስታወት አዳራሽ በለንደን ሃይድ ፓርክ ለዓለም አቀፍ ትርኢት ተከፈተ። ዋርድም በዚያ ትርኢት ላይ ለ18 ዓመታት ውኃ ያልተጨመረበት ፈርንና የድንጋይ ሽበት የያዘ ጠርሙስ አቀረቡ።

ስለ ኪው የዘንባባ ቤት አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ቤቱን የሚያሞቁት የድንጋይ ከሰል ምድጃዎች በወለሉ ሥር ተቀመጡ፤ ጢሱ ግን ውበቱን እንዳያበላሽ በምድር ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ተመርቶ፣ ራቅ ብሎ ግንብ በሚመስል ጢስ መውጫ በኩል እንዲወጣ ተደረገ። ዕፀዋትን ከጢስ የሚጠብቀው ቤት ራሱ ጢስ አምራች ሆነ፤ ጢሱንም ጎብኚ ከማያየው ቦታ ለቀቀው።

መናፈሻ እንደ መድኃኒት

በዚያው ዘመን የመናፈሻ ጥያቄ የጤና ጥያቄ ሆኖ ተነሣ። የእንግሊዝን የሞት መዝገብ በስታቲስቲክስ መተንተን የጀመሩት ሐኪም ዊልያም ፋር፣ በ1839 በወጣው ዘገባ ውስጥ በምሥራቅ ለንደን መናፈሻ ቢከፈት በየዓመቱ የሚሞተው ሰው ቁጥር በብዙ ሺዎች ሊቀንስ እንደሚችል ጻፉ። በተከታዩ ዓመት 30 ሺህ ነዋሪዎች የፈረሙበት አቤቱታ ለንግሥት ቪክቶሪያ ቀረበ፤ በ1845ም በንግሥቲቱ ስም የተሰየመው መናፈሻ ለሕዝብ ተከፈተ። ፋር በዚያን ጊዜ እንደ ብዙዎቹ ሐኪሞች በሽታን የሚያመጣው መጥፎ ሽታ ያለው አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እምነት ስለ ኮሌራ ስሕተት መሆኑ በኋላ ቢረጋገጥም፣ የጠየቁት መፍትሔ ግን ትክክል ነበር። የሕክምና ታሪክ ባልተሟላ ዕውቀት የተወሰደ፣ ነገር ግን ሰውን የጠቀመ ብዙ እርምጃ አለው።

የኪው ማዕከልም ከንጉሣውያን ቤተሰብ ወደ መንግሥት እጅ ተዛውሮ፣ ዊልያም ሁከር በ1841 ዲሬክተር ሲሆኑ በሩ ለተራው ሰው ተከፈተ። በዚያ ዓመት 9 ሺህ ያህል የነበረው የጎብኚ ቁጥር በአሥር ዓመት ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሆነ። ከእርሳቸው ቀጥሎ በ1865 ኃላፊነቱን የተረከቡት ልጃቸው ጆሴፍ ሁከር የሕክምና ዶክተር ነበሩ፤ ወደ አንታርክቲካ የዘመቱትም በመርከብ ረዳት ሐኪምነት ነበር።

ይህ ልማድ ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካም ደረሰ። በሳን ፍራንሲስኮ ጎልደን ጌት ፓርክ የሚገኘው የአበቦች መስታወት ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ባለጸጋው ጄምስ ሊክ ለግል ርስታቸው ያዘዙት ይህ ሕንፃ ገና ሳይገጣጠም በ1876 አረፉ። የከተማይቱ ሀብታሞች ገዝተው ለመናፈሻው ሰጡትና በ1879 ለሕዝብ ተከፈተ። ለአንድ ሰው ግቢ የታሰበው የሁሉም ሆነ። በ1883 ጉልላቱን እሳት በላው፤ ታደሰም። በ1906ቱ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማይቱ ስትፈርስና ስትቃጠል ይህ የእንጨትና የመስታወት ቤት ቆሞ ተገኘ፤ በዙሪያው ባለው መናፈሻም ቤታቸውን ያጡ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ድንኳን ተክለው ተጠለሉ። በ1995 ኃይለኛ ነፋስ ክፉኛ ስለጎዳው ተዘግቶ ቆይቶ በ2003 እንደገና ተከፍቷል። መናፈሻ በሰላም ቀን ማረፊያ፣ በመከራ ቀን ደግሞ መጠለያ መሆኑን የ1906ቱ ጥፋት አሳይቷል።

ሳጥኑ የተሸከመው ሸክም

የሐኪሙ ሳጥን መልካም ነገር ብቻ አልተሸከመም። ፔልቲየርና ካቫንቱ በ1820 ኪኒንን ከሲንኮና ቅርፊት ለይተው ካወጡ በኋላ የወባ መድኃኒት ፍላጎት እጅግ ጨመረ፤ ዛፉ የሚገኘው ግን በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ብቻ ነበር። በ1860 ክሌመንትስ ማርካም የመሩት የእንግሊዝ ዘመቻ የሲንኮና ችግኞችና ዘሮች ሰብስቦ፣ በዋርድ ሳጥኖች ጭምር በመጠቀም ወደ ሕንድ አሻገረ። በኋላም በቤንጋል ከ1892 ጀምሮ ኪኒን በየፖስታ ቤቱ በአነስተኛ ዋጋ ለሕዝብ ይሸጥ ነበር። የብዙ ሰው ሕይወት እንደተረፈ አያጠራጥርም።

የበለጠ ኪኒን ያለበትን የሲንኮና ዝርያ ዘር መርጠው የሰበሰቡት ግን ማኑኤል ኢንክራ ማማኒ የተባሉ የቦሊቪያ አገሬ ሰው ነበሩ። ዛፉን ከዛፍ የመለየት ዕውቀታቸው ከማንኛውም የአውሮፓ ሊቅ የላቀ ነበር። አሠሪያቸው ቻርልስ ሌጀር በ1865 የደረሳቸውን ዘር ወደ አውሮፓ ልከው የሆላንድ መንግሥት ገዛው፤ በጃቫ የተተከለውም ዘር ቆይቶ የዓለምን የኪኒን ገበያ በሞላ ጎደል ተቆጣጠረ። ማማኒ ግን ዘር በማውጣታቸው ታስረውና ተደብድበው በዚያው ጉዳት ሞቱ። ዛፉ የተጠራው በሌጀር ስም ነው። በእኛ ቋንቋ ማንኛውንም እንክብል መድኃኒት «ኪኒን» ስንል፣ ሳናውቀው የዚያን የአንዲስ ዛፍ ስም እንጠራለን።

የአገራችንም ዕፀዋት በዚሁ መንገድ ተጉዘዋል። በምጽዋ የእንግሊዝ ቆንስል የነበሩት ዋልተር ፕላውደን በ1853 የእንሰት ዘር ወደ ኪው ላኩ። ጄምስ ብሩስ ቀደም ብለው በጉዞ መጽሐፋቸው እንሰትን በሥዕል ጭምር ያስተዋወቁ ቢሆንም የኪው ሊቃውንት ዘሩን ለይተው አላወቁትም። በመስታወት ቤት ሲዘሩት ግን በፍጥነት አድጎ የሙዝ ዘመድ መሆኑ ታወቀ። በጉራጌና በሲዳማ ከቤት ጓሮ በቅሎ ቤተሰብ የሚመግበው ተክል በለንደን ምድጃ እየነደደለት ለትርኢት ቆመ። ዛሬም በመስታወት ቤቶች እንሰትን የሚያይ ጎብኚ ጌጡን እንጂ ያለማውን ገበሬ ዕውቀት አያይም።

ይህን ቅሬታ ለማረም ዓለም ዘግይቶም ቢሆን ሕግ አውጥቷል። የ1992ቱ የብዝሀ ሕይወት ስምምነትና የ2010ሩ የናጎያ ፕሮቶኮል ዕፁና ዕውቀቱ የተገኘበት ማኅበረሰብ ከጥቅሙ እንዲካፈል ያዝዛሉ። አገራችንም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (እ.ኤ.አ. 2006) ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት ደንግጋለች። የባህል መድኃኒትን የሚያጠና ሐኪም የማማኒን ስም ቢያስታውስ አዋጁ ለምን እንዳስፈለገ ይገባዋል።

ከመስታወቱ ውጭ የቀሩት

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ዋርድ ጢሱ ፈርኑን እንደገደለ ካስተዋሉ በኋላ ለንደን ምን አደረገች? ለዕፁ መስታወት ሠራች፤ ጢሱን ግን አላቆመችም። የኪው ሊቃውንት በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የጥድ ዛፎቻቸው በከተማው አየር እየተጎዱ መሆናቸውን አይተው፣ በ1925 ከለንደን ርቆ በቤጅበሪ ለዛፎቹ ሌላ ስፍራ አዘጋጁ። ዛፎች ንጹሕ አየር ፍለጋ ከከተማ ሲወጡ ሰዎቹ ቀሩ። በታኅሣሥ ወር 1952 የድንጋይ ከሰል ጢስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ ለአምስት ቀናት በለንደን ላይ ተኛ። በመጀመሪያው ግምት 4 ሺህ ያህል፣ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ደግሞ እስከ 12 ሺህ የሚደርሱ ሰዎች በዚሁ ሳቢያ ሞተዋል። የንጹሕ አየር ሕግ የወጣው በ1956 ነው። ከዋርድ ጠርሙስ እስከዚህ ሕግ 127 ዓመታት አልፈዋል። ዕፁ አስቀድሞ መስክሮ ነበር፤ ምስክርነቱን ግን ወደ ሕግ የለወጠው አልነበረም።

ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በቅርብ ዓመታት ባወጣው ግምት፣ በውጭና በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በዓመት ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ያለ ዕድሜው ይሞታል። በአገራችን ጢሱ የሚነሣው ከፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ከጉልቻውም ነው። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከምድጃው አጠገብ የሚውለው ሕፃን የሳንባ ምች ሲይዘው የምናክመው እኛ ነን። አንቲባዮቲኩን ሰጥተን ወደዚያው ጢስ ስንመልሰው፣ ፈርኑን ከጠርሙስ አውጥቶ በዌልክሎዝ ግቢ እንደመትከል ይሆናል።

የሕዝብ የመስታወት ቤት ትልቁ ቁም ነገር በሩ መከፈቱ ነው። ለዕፀዋት ብቻ ተጠብቆ የነበረውን ሞቅ ያለና ጥላሸት የሌለበት አየር ለሠራተኛውም፣ ለሕሙሙም፣ ለድሀውም ልጅ ለጥቂት ሰዓት አካፈለ። ጉድለቱም በዚያው ላይ ነው፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ጎብኚው ወደ ጢሱ ይመለሳል። በመስታወት የሚጠበቅ ጤና ለጥቂቶች ይበቃል፤ ለሁሉም የሚበቃው ውጭው ሲጠራ ነው።

እንግዲህ ለስብሰባም ሆነ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ የሙያ ባልደረባችን፣ በአንዱ ከተማ መናፈሻ ውስጥ የመስታወት ቤት ቢያጋጥመው ገብቶ እንዲጎበኝ እንመክራለን። ሲንኮናውን ሲያይ ማማኒን፣ እንሰቱን ሲያይ የአገሩን ገበሬ፣ ፈርኑን ሲያይ የዌልክሎዙን ሐኪም ያስብ። በመስታወቱ ላይ የሚወርደውን ጤዛም ልብ ይበል፤ ዋርድን ለግኝት ያበቃቸው ጥንቃቄ የተሞላበት አስተያየት ነበርና። ከዚያም ወደ ሥራው ተመልሶ የሚያስል ሕፃን ይዛ የመጣችን እናት ሲቀበል፣ ስለ ሳሉ ከጠየቃት በኋላ ስለ ምድጃዋ፣ ስለ ቤቷ መስኮትና ስለ ጢሱ መውጫም ይጠይቃት።